ከታች ሲታይ

ቀጥ ያለ ነው፣ ምን ይላሉ እንግዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ የኖረ መስመር፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ያብሰዋል፣ አቧራ የለበትም፣ ግን ያብሰዋል፣ የእጅ ልማድ ነው። ከራሱ በላይ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ፣ በጠፈር ላቦራቶሪው ጎን ተጣብቆ፣ እሱ በእጁ የገጣጠመው መሣሪያ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ምድርን እየዞረ ነው፣ በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ፣ አይታመም፣ ዓመት ፈቃድ አይጠይቅ፣ ከሩቅ ሰማይ የሚወረወሩ ቅንጣቶችን እየዋጠ ይለካል። ውስጡ የተደረደሩት ክሪስታሎች ቅንጣት በገባባቸው ቁጥር ብልጭ ይላሉ፣ የብልጭታው መጠን የቅንጣቱን ኃይል ይናገራል፣ ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይወድም። ሲሞቁ ብርሃናቸው ይደክማል። በአንድ ዲግሪ ሁለት ከመቶ። ያን ድካም መልሶ የሚያቃናው ሰንጠረዥ የሱ ነው፣ የማንም አይደለም። ቴርሞሜትሩ ይሉታል። ፊት ለፊቱ አይሉትም፣ እሱ ግን ያውቃል፣ አይጠላውምም።

አምስት ሰዓት ላይ ይከፈታል። አሁን ሦስት ከሩብ። ሻዩ ቀዝቅዟል። የታሸገው ፋይል፣ ከአንድ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ኃይል ይዘው የመጡ ኤሌክትሮኖች የተጠራቀሙበት፣ ስምንት ዓመት ማንም ዓይኑን ያላሳረፈበት፣ ሕጉ እንዲህ ነው፣ ውጤቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ሳይታወቀው እጁ ወደሚመኘው ያዘነብላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያህን ጨርስ፣ ፈርም፣ ከዚያ ክፈት። በቃለ ጉባኤው አነጋገር፣ ስድስቱ ኃላፊዎች የሥራ ድርሻቸው መጠናቀቁን እያንዳንዳቸው በፊርማቸው ሳያረጋግጡ ፋይሉ ሊከፈት አይችልም። አምስቱ ትናንት ፈርመዋል። የመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ባዶ ነው፣ የሱ ነው፣ ሁልጊዜ የመጨረሻው እሱ ነው፣ ምክንያቱም የአምስቱም ሥራ የቆመው በሱ ሰንጠረዥ ላይ ነው፣ አምስት ዶክተሮች፣ አንድ ቱታ ለባሽ። ይህን ሲያስብ ደረቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ማን ይከለክለዋል።

በሩ ገርበብ ይላል፣ ልጅቷ ናት፣ ኤሌክትሮን ለቃሚዋ። አራት ዓመት የሠራችው ይህንኑ ብቻ ነው፣ ከሺህ ፕሮቶን መሃል አንዱን ኤሌክትሮን መልቀም፣ ኤሌክትሮን ክሪስታሉ ውስጥ ሲገባ ጠበብ ብሎ፣ ሥርዓት ይዞ ይረጫል፣ ፕሮቶን እንደ ሰካራም ይበታተናል፣ በመልካቸው ትለያቸዋለች፣ የሠርግ ፎቶ ላይ ዘመድ እንደሚለይ ሰው። ጋሼ፣ ፈረሙ? አልፈረምኩም። ኧረ ጋሼ፣ ቀለም አልቆብዎት ከሆነ የኔን እስክሪብቶ እንኩ ልበልዎ፣ እኔ እኮ ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። ብዪ። ከበላሁ በኋላ ይፈርማሉ? ሂጂ አንቺ ልጅ። ትስቃለች፣ ትሄዳለች፣ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ሲሮጥ ይሰማዋል። ጎረቤታችንን ልናገኘው እኮ ነው ትላለች ለሁሉም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ሳይቀር አስረድታለች፣ እንዲህ ያለ ኃይል የያዘ ኤሌክትሮን ረጅም መንገድ አይችልም፣ እየሄደ ኃይሉን ይጥላል፣ ባዶውን ይቀራል፣ ስለዚህ ኃይሉን እንደያዘ እዚህ ከደረሰ ከቅርብ ነው የተነሣው፣ በሰፈራችን ከፈነዳ አንድ ኮከብ። የትኛው? ፋይሉ ውስጥ ነው መልሱ። ካለ።

ግን ጊዜ የለም። የፊታችን ሐሙስ ሌላው ቡድን፣ የራሱን መሣሪያ በራሱ ሳተላይት ያሳፈረው፣ ውጤቱን ሊያወጣ ነው። ዛሬ ከከፈቱ አንደኛ ናቸው፣ ካልከፈቱ ሁለተኛ፣ ሁለተኛን ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። ዋናውም፣ የቡድኑ መሪ፣ ይህን ሥራ ከአንድ ባዶ ወረቀት የጀመረው ሰውዬ፣ በስድስት ሳምንት ጡረታ ይወጣል። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ሁሉም ግን ቀን እየቆጠረ ነው።

ታዲያ ለምን አልፈረምክም አንተ ሰው።

ሁለት ወረቀቶች ናቸው ያገዱት። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው ያወጣቸው። ሁልጊዜ የመሣሪያውን ግራና ቀኝ ደምሮ ነው የሚያየው፣ በድምሩ መስመሩ ቀጥ ነው፣ ስምንት ዓመት ቀጥ ነው፣ ዛሬ ግን ከመፈረም በፊት እስቲ ለየብቻ ልያቸው አለ፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ፣ ፀሐይ መሣሪያውን በአንድ ጎኑ በምትመታበት ወር። እና ይኸው። የብርሃኑ ወረቀት በግራ በኩል ዝቅ ይላል፣ በቀኝ ከፍ። የሙቀቱ ወረቀትም በቀኝ ከፍ። ይህ እንዴት ይሆናል፣ ሲሞቅ ብርሃን ይደክማል እንጂ መቼ ይበረታል፣ ተሳስተህ ነው፣ መነጽርህን ጥረገው፣ ጠረገው። ያው ነው።

የሙቀቱን ወረቀት ይዞ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ መስታወቱ ላይ ለጥፎ ከጀርባው ሊያየው። ይህን ከዶክተር አልተማረውም። ብረት ማቅለጫ ቤት ነው የተማረው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ አሸዋው ፎርማ ላይ ግራ ያደረግከው ብረቱ ሲወጣ ቀኝ ነው፣ የቦረቦርከው ጉብታ ነው፣ ጠዋት ገብተህ ማታ እስክትወጣ ዓለምን ገልብጠህ ነው የምታያት፣ አቅላጩ፣ አስተማሪው፣ ቅንድቡ በእሳት ያለቀ ሰውዬ፣ ከጀርባው እየው አንተ ደንባራ፣ ከፊቱማ ሁሉም ያምራል ይለው ነበር። እና ከጀርባው ያየዋል። ብርሃን ወረቀቱን አልፎ ይመጣል፣ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ። የብርሃኑን ወረቀት ከላዩ ይደርባል። የሙቀቱ ጉብታ የብርሃኑ ጎድጓዳ ውስጥ ግጥም ብሎ ይቀመጣል። ብረት ፎርማው ውስጥ እንደሚቀመጥ። ምንም ክፍተት የለውም።

የግራው ሙቀት ቀኝ ተብሎ ተመዝግቧል። የቀኙ ግራ።

ያን ቀን። ያን ቀን ያስታውሰዋል፣ ለምን አያስታውሰው፣ ዘጠኝ ዓመት አልሞላም፣ ነጭ ልብስ እስከ አንገቱ፣ ጭምብል፣ ሁለት ጓንት በላይ በላዩ፣ ብናኝ የማይገባበት ክፍል ውስጥ መሣሪያው ከፍ ብሎ በአራት እግር ቆሟል፣ እሱ ከሥሩ በጀርባው ተኝቷል፣ ንድፉ ጎኑ ተለጥፏል፣ ስድስት ሙቀት መለኪያዎች በረድፍ፣ ከአንድ እስከ ስድስት፣ እያንዳንዷ ከጥፍር ያነሰች። ንድፍ ከላይ ነው የሚሣለው፣ እኔ ከሥር ነኝ፣ ስለዚህ ይገለበጣል። ከስድስት ወደ አንድ። ማንም አላሳሰበውም፣ በራሱ ነው ያሰበው፣ ዶክተር ቢሆን ይሳሳት ነበር ብሎ በጭምብሉ ውስጥ ፈገግ እንዳለ እንኳ ትዝ ይለዋል። ቀሽም። ፈገግታህን ብላ።

መሳቢያውን ይከፍታል። ንድፉን ያወጣል። ከማዕዘኑ ሥር፣ በጥቃቅን ፊደል፣ ነዳፊው እንደ ጉንዳን ደርድሮ የጻፋት፣ ከታች ሲታይ።

ከታች ሲታይ።

ነዳፊው አስቀድሞ ገልብጦታል። ለሱ ብሎ። በጀርባው ለሚተኛው ሰውዬ አስቦ። እሱ ደግሞ የተገለበጠውን ገለበጠው። ሌላ ማንም ሰው ቢሆን፣ ከኮሌጅ ትናንት የወጣ ሰልጣኝ ቢሆን፣ ንድፉ ላይ እንዳየው ይለጥፈውና ልክ ይሆን ነበር፣ ይህን ስህተት ለመሥራት ማቅለጫ ቤት መማር ያስፈልጋል፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የኮራህበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አለቀልህ፣ ተበላህ።

ቆይ። ረጋ በል። አስላ። የሁለቱ ጎን የሙቀት ልዩነት አንድ ዲግሪ ነው፣ እሱም በዓመት ለጥቂት ሳምንት፣ አንድ ዲግሪ ሁለት ከመቶ ነው፣ አንዱ ጎን ሁለት ሲጨምር ሌላው ሁለት ይቀንሳል፣ ሲደመር ዜሮ፣ ለዚህ ነው ስምንት ዓመት የተደበቀው፣ ቀጥ ያለ ነው እያልክ ስታብሰው የኖርከው። የተፈቀደው ስህተት ደግሞ ሦስት ከመቶ ነው፣ ራሱ ነው የጻፈው፣ ሰነዱ ላይ አለ፣ ሁለት ከሦስት በታች ነው። ፈርም። ከተፈቀደው በታች ነው። ውሸት አይደለም። ማንም አይጠይቅም፣ የሚጠይቀውን ነገር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አፉን ዘግቶ የኖረ ሰው ነው፣ ባለቤቱ እንኳን ለሠላሳ ዓመት አንተን ከማናገር ግድግዳውን ማናገር ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ያስተጋባል እያለች የምትኖረው። ፈርምና ከተከፈተ በኋላ በቀስታ አቃናው፣ ማሻሻያ በለው።

ከተከፈተ በኋላ። አይሆንም። ድንበሩ ላይ ያሉት፣ ከትሪሊዮን በላይ ወይ በታች በጸጉር የሚለያዩት፣ በየትኛው ጎን እንደወደቁ ማን ያውቃል፣ ያን ያህል ኃይል ይዘው የሚመጡት ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ በጣት የሚቆጠሩ፣ ሦስቱ ቢገቡ ወይ ሦስቱ ቢወጡ ጎረቤት ይገኛል ወይ ይጠፋል፣ ውጤቱን ካየህ በኋላ ስታቃናው ወዴት እንዳዘነበልክ ማን ያምንሃል፣ አንተስ ራስህን ታምናለህ? አሁን አያውቅም። ፋይሉ ዝግ ነው። ደግነቱ ዝግ ነው።

ተናገር እንግዲህ። መናገርን ታውቅበታለህ አይደል፣ አንዴ ተናግረሃል፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትኮራበት ኖረሃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። የውሃ ፓምፕ ሽፋን ነበር፣ ከባድ፣ አቅላጩ ብረቱ በደንብ ሳይግል አፈሰሰው፣ ጎኑ ላይ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች፣ ስቱኮ ለቀለቃት፣ ቀለም ቀባት፣ አላየህም አለው፣ አይቻለሁ አላለውም። በማግስቱ ለማቅለጫ ቤቱ ባለቤት ነገረው። ባለቤቱ አቅላጩን አባረረው። ከዚያ ወደሱ ዞረና፣ አስተማሪህን የሸጥክ ነገ እኔን ትሸጠኛለህ፣ ውጣ። ሦስት ወር አውቶቡስ ተራ አደረ፣ ከትኬት መስኮቱ ጀርባ፣ ካርቶን ላይ፣ ረሃብ ድምፅ አለው፣ ጆሮ ውስጥ ነው የሚሰማው፣ ይህን ለማንም አልተናገረም። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ውስጥ ጠራጊ፣ ከዚያ ማሽኒስት፣ ከዚያ ይህ። አቅላጩን አንድ ጊዜ አይቶታል፣ ከዓመታት በኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ። እንደምን ዋሉ ጋሼ አለው። ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እስኪወርድ ድረስ ውጭውን አየ። ይዞር፣ እውነቱን ነው የተናገርኩት አለ በልቡ። ኮራ።

እውነቱን ነው። የሌላ ሰው እውነት።

መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት ወረቀት በእጁ፣ ይህ አሁን ነው የሚገባው፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ እንዴት ያለ ዘገምተኛ ነው። ያኔ የተናገረው የሌላ ሰው ስንጥቅ ነበር። ራበው እንጂ አላፈረም። ለማፈር ስንጥቁ የራስህ መሆን አለበት፣ ስቱኮውም እጅህ ላይ፣ ቀለሙም አጠገብህ፣ ከተፈቀደው በታች ነው የሚል ቀለም፣ ገና እንኳን ያልደረቀ። አቅላጩ ያን ቀን ምን እንደተሰማው ዛሬ ያውቃል። ትንሽ ነው ብሎ ነበር። ጸጉር ነው ብሎ ነበር። ሁለት ከመቶ።

ወረቀቶቹን ያጥፋቸዋል። አያጥፋቸውም፣ ይታጠፉና መስመራቸው ይሰበራል፣ ዘርግቶ ይይዛቸዋል። ኮሪደሩ ረጅም ነው። አራት ከሩብ ሆኗል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር ማለት ነው። እግሩ ይሄዳል።

ትልቁ ክፍል ውስጥ ሰማያዊው መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ እስክሪብቶ በመሃሉ ተጋድሟል፣ ልጅቷ ኮምፒዩተሯን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ዋናው ቆሟል፣ ክራባት አድርጓል፣ ክራባት አድርጎ አይቶት አያውቅም። መጣህ ወይ፣ ና እስቲ፣ ቶሎ በልልን፣ ይቺ ልጅ ጥፍሯን ጨርሳ ወደ ጣቷ ልትገባ ነው ይለዋል። ሃያ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ አንተ በለኝ እያለ ለምኖታል፣ እሱ ግን እርስዎ ነው የሚለው፣ ርቀት ይወዳል።

አልፈርምም።

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይቆማል። ምን አሉ ጋሼ? ልጅቷ ናት። ሙቀት መለኪያዎቹ ተገልብጠው ነው የተመዘገቡት፣ አንድ የተባለው ስድስት ነው፣ ስድስት የተባለው አንድ። የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ። ዋናው መነጽሩን ያወልቃል። መቼ? ስገጥማቸው። ማን አገኘው? እኔ። ሌላ ማን ያውቃል? እናንተ። ሁለቱን ወረቀት አንዱን ገልብጦ መስኮቱ ላይ ይይዝላቸዋል፣ ዋናው ይጠጋል፣ ያያል፣ ጉብታውን በጣቱ ይከተላል።

ጋሼ ሁለት ከመቶ እኮ ነው! ልጅቷ ተነሥታለች፣ ሦስት ተፈቅዷል፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የጻፉት፣ ገጽ አርባ ላይ አለ፣ አሳይዎታለሁ! አያስፈልግም፣ ጽፌዋለሁ። ታዲያ? ሦስቱ ለማላውቀው ስህተት ነው፣ ይህን አውቄዋለሁ። አራት ዓመቴን እኮ ነው፣ ጋሼ፣ ሐሙስ እነሱ ሲያወጡት እኔ ምን ልበል፣ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ ኮምፒዩተሯን ጠረጴዛው ላይ ትታ ትወጣለች። ወረቀቶቹን ከመስኮቱ ላይ ያወርዳል።

ሁለቱ ብቻ። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይላል ዋናው። አራት ወር፣ ስምንት ዓመቱን እንደገና ማስላት ነው። እኔ በስድስት ሳምንት እወጣለሁ። አውቃለሁ። ታውቃለህ። አዎ። ዋናው ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ ውጭውን ያያል፣ አወቀው ያን ጀርባ፣ አውቶቡስ ውስጥ አይቶታል፣ ይኸው እንደገና፣ ይገባሃል፣ ቁም፣ ዝም ብለህ ቁም፣ የሚመጣውን ተቀበል፣ ውጣ ቢልህ የመሣሪያ ሣጥንህን ይዘህ ትወጣለህ፣ ያቺን ብቻ፣ እሷ የራስህ ናት።

ዋናው ክራባቱን ያላላል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይላል ወደ መስታወቱ፣ አንተ ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቀ ነው፣ ወይ ሌላ ነው፣ ከጀርባ አይለይም። ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። ዛሬ ከፍተነው፣ በኋላ ሌላ ሰው ቢያገኘው ኖሮ፣ አለና አልጨረሰውም። ሲከፈት ትጠሩኛላችሁ፣ ጡረተኛ ነው ብላችሁ ከኋላ እንዳታስቀምጡኝ። ከፊት ነው የምናስቀምጥዎ። ምለሃል? ምያለሁ። ጻፈው እንግዲህ፣ መዝገቡን ወደሱ ይገፋዋል፣ ሁሉንም፣ እንዳለ፣ እኔም ከሥሩ እፈርማለሁ።

ይቀመጣል። የፊርማው መስመር ጠባብ ናት፣ ጽሑፉ ከሷ ያልፋል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙቀት መለኪያዎቹ በተገላቢጦሽ ተመዝግበዋል፣ ንድፉ ከታች ሲታይ የተሣለ መሆኑን ሳላነብ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ፋይሉ ሳይከፈት ራሴ ደርሼበታለሁ፣ በአራት ወር ይታረማል። ኩራት ነው ይሄ? ያኔ የተሰማው እንዲህ አልነበረም፣ ያኛው ይሞቅ ነበር፣ አንገት ያቀና ነበር፣ ካርቶን ላይ ሲተኛ እንኳ ይሞቀው ነበር። ይሄ አይሞቅም። ይሄ እንደ ጥሩ ብረት ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ጣትህን ስታሳርፍበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ምንም የማያደናቅፍህ። ስሙን ይጽፋል፣ ሙሉውን፣ ፊርማው ሁልጊዜ ጭረት ብቻ ነበረች።

በሩ ይከፈታል። ልጅቷ ፊቷን ታጥባለች፣ ግንባሯ ላይ ጸጉሯ ረጥቧል። አታየውም። ወንበር ጎትታ ከጎኑ ትቀመጣለች፣ በኃይል፣ ኮምፒዩተሯን ትከፍታለች፣ የሱን ሰንጠረዥ ታወጣለች፣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ታሳርፋለች። ያንብቡልኝ፣ ትላለች ወደ ስክሪኑ፣ እኔ እመታለሁ፣ ቀስ ብለው ካነበቡ ግን አብዳለሁ።

ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አንድ የነበረው፣ ስድስት።

ስድስት።

ሁለት የነበረው፣ አምስት።

አምስት። ይቀጥሉ ጋሼ።